የ12ኛ ክፍል ዓመትና የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የ12ኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ሆኜም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ተማሪዎቼ መስከረም ላይ የሚጠይቁኝና ሰኔ ላይ የሚጠይቁኝ ነገር አይገናኝም። መስከረም ላይ ጥያቄው «ቲቸር፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ነው። ሰኔ ሲገባ «ቲቸር፣ ሎጋሪዝም ከየት ነው የሚጀመረው?» ይሆናል። ሁለቱ ጥያቄዎች ቦታ ቢቀያየሩ ግማሹ ጭንቀት ይቀር ነበር። እዚህ የሰበሰብኳቸው ከተማሪዎችም ከወላጆችም በተደጋጋሚ የሚመጡልኝን ነው።

50 በመቶ የሚባለው ከምን ላይ ነው? እውነት ያን ያህል ከባድ ነው?

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጠቅላላ ውጤት ግማሹን ማምጣት ግዴታ ሆኗል። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረውም በዚያው ዙር ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከተፈጥሮዎቹ ጋር ይጋራል፤ ቀሪዎቹ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ናቸው። ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600። የሚፈለገው 300 ነው። ልብ በሉ፣ 50 የሚጠየቀው ከድምሩ እንጂ ከየትምህርቱ አይደለም። ፊዚክስ ላይ 38 ያመጣ ልጅ ባዮሎጂ ላይ 62 ካመጣ ሒሳቡ ተወራረደ ማለት ነው።

ያለፈው ሰው ቁጥር ያስደነግጣል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የሰማ ልጅ «እኔማ የት አባቴ!» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የማሠራው ሒሳብ ይህ ነው፦

ፈተናው ምርጫ ነው፤ አራት አማራጭ አለው፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም። 60 ጥያቄ አለ እንበል። 20ውን በእርግጠኝነት ታውቃለህ፤ የቀሩትን 40 ዓይንህን ጨፍነህ አጠቆርክ። በግምት ከአራት አንድ ስለሚገኝ ከ40ው 10 ይመጣልሃል። 20 ሲደመር 10፣ 30። ከ60 ግማሽ! እንግዲህ 50 በመቶ ማለት ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን አጥርቶ ማወቅ ማለት ነው። በግምት ተማመኑ ማለቴ አይደለም፤ ዕድል አንዳንዴ ከ40ው 6 ብቻ ሰጥቶ ይሸኛል። ስለዚህ ዒላማችሁ ግማሹን በእርግጠኝነት ማወቅ ይሁን፤ ግምቱ መጠባበቂያ ይሆናችኋል። ግን ከሦስት ጥያቄ አንዱን ማወቅ ለሰው ልጅ የሚቻል ነገር ነው፤ ይህን ተቀብላችሁ ጀምሩ።

ከየት ልጀምር? የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ገና አላለቀም።

ከዘጠነኛ። ፈተናው የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የታችኞቹንም ክፍሎች ይነካል። ባይነካ እንኳ መልሴ አይቀየርም ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 12ኛ ላይ ዴሪቬቲቭ ሳስተምር ልጆቹን የሚጥላቸው ዴሪቬቲቩ ሆኖ አያውቅም። ሕጉን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይይዙታል። የሚወድቁት ክፍልፋይ ሲያቃልሉ፣ ቅንፍ ሲፈቱ፣ ኔጌቲቩን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምረው ባልደረባዬም ይህንኑ ይላል፤ የእሱ ልጆች የሚጠፉት ቬክተር ላይና ዩኒት መቀየር ላይ ነው። ኬሚስትሪ ውስጥ ሞል ያልገባው ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ውጭ አገር ወሬ ነው የሚሆንበት።

እንዲህ አድርጉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ በየትምህርቱ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍን የምዕራፍ መጨረሻ መልመጃዎች ብቻ ሥሩ። ማስታወሻ አትገልብጡ፣ በቀለም እስክሪብቶ አታስጊጡ፤ ሥሩ። የተሠራልህን እለፈው፤ ያልተሠራልህን ርዕስ ቁጥሩን ጻፍና ወደዚያ ምዕራፍ ተመለስ። ኅዳር ላይ በእጅህ የራስህ የሆነ የጉድለት ዝርዝር ይኖርሃል። ከገበያ የሚገዛ አጋዥ መጽሐፍ ሁሉ ያንን ዝርዝር አይሰጥህም፤ አንተ የቱ ጋ እንደምትሰናከል አያውቅማ።

መጽሐፍ ለሌለው፦ የተማሪው መጽሐፍ በስልክ የሚነበብ ፋይል ሆኖ ይገኛል። አምስት ልጅ በአንድ ስልክ ሲያነብ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ናቸው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሒሳብና ሳይንስ ላይ ብበረታ አይበቃም?

አይበቃም፤ ሌሎቹም ጥያቄዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ እንደ ውኃ የምታፈስ ልጅ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ግን «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» ይላል፣ እሷ «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል ዘልላ ትክክለኛውን አጠቆረች። ባዮሎጂ አልጣላትም።

ሰዋስው ላይ ሦስት ወር መጥፋት ትርፉ ትንሽ ነው። ይልቅ የቆዩ ፈተናዎችን ውሰዱና በሁሉም ትምህርት የሚደጋገሙትን የጥያቄ ቃላት ልቀሙ፦ «በስተቀር»፣ «በጣም ተቀራራቢው»፣ «በግምት»፣ «ቢያንስ»፣ «ተገላቢጦሽ»፣ «ከዚህ በመነሳት» ለማለት በእንግሊዝኛ የሚገቡትን። መቶ ሃምሳ ቃል ቢሞላ ነው። እነዚህን በየቀኑ አሥር አሥር ይዞ የጨረሰ ልጅ የሁሉንም ትምህርት ውጤት አንድ ላይ ያነሳል። ለእንግሊዝኛ ፈተናው ራሱ ደግሞ በየቀኑ አንድ አጭር ምንባብ በሰዓት እያነበቡ መመለስ። ምንባቡ ረጅም ሲሆን ብዙ ልጅ ጊዜው የሚያልቅበት እዚያ ነው፤ ጥያቄውን ቀድሞ አንብቦ ወደ ምንባቡ መሄድ ይረዳል።

አፕቲትዩድ ይጠናል እንዴ? ተፈጥሮ አይደለም?

ይጠናል። ከ600ው 100 የያዘ፣ መጽሐፍ የሌለው፣ አስተማሪ የሌለው ትምህርት ነው፤ ለዚያ ነው ሁሉም የሚረሳው። ከፊሉ የቃላት ዝምድናና የምክንያት ጥያቄ ነው፣ ከፊሉ የቁጥር። የቁጥሩ ክፍል ከ8ኛ ክፍል ሒሳብ አይዘልም፦ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ ፍጥነትና ጊዜ፣ ተከታታይ ቁጥር። ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ በእጅ ማስላት መልመድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰዓት እየያዙ። ሌላ ምስጢር የለውም።

በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?

ቁጥር አልሰጥም። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ በደንብ የሚያነብ ልጅ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲያንጎላጅ የሚያነጋም አለ። እኔ የምጠይቀው «ዛሬ ስንት ጥያቄ ሠራህ? ስንቱን ሳትክ? የሳትከውን ለምን ሳትክ?» ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከብት የሚጠብቅ፣ ወይም ሱቅ የሚቀመጥ ልጅ ሁለት ሰዓት ካገኘ ለሁለቱ ሰዓት የሚሆን የተለየ ወረቀት ቀድሞ ያዘጋጅ። ጊዜ የሚበላው ማጥናቱ ሳይሆን «ዛሬ ምን ላጥና» እያሉ መዟዟሩ ነው።

የቆዩ ፈተናዎች ይደገማሉ? ቴሌግራም ላይ «ፈተናው እጄ ገብቷል» የሚሉትስ?

ጥያቄው አይደገምም፤ ሐሳቡ ግን ይደገማል። የሦስትና የአራት ዓመት ፈተና ሰብስቡ፤ አንዱን ግን ሳትነኩ ለግንቦት አስቀምጡ። ያንን እንደ እውነተኛው ፈተና፣ ቁጭ ብላችሁ፣ በሰዓት ሥሩት። የዞን ወይም የትምህርት ቤት ሞዴል ፈተናም ሲመጣ አትናቁት፤ ውጤቱን ሳይሆን የሳታችሁትን ገጽ ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛውን በተመለከተ፦ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው እውነትም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ፣ በሌላ ጊዜ በአዲስ ተተክቶ ነበር። አጭበርባሪዎቹ እስከ ዛሬ የሚነግዱት በዚያ ትዝታ ነው። የሚሸጡት የቆየ ፈተና ሽፋኑን ቀይረው ነው። ገንዘቡ ይቅርና፣ የፈተናው ሌሊት በሐሰተኛ መልስ ሽምደዳ ያልቃል። አጤሬራውም እንዲሁ ነው፦ በትንሽ ወረቀት ላይ ቀመር ለመጻፍ የምታጠፋው ሰዓት ቀመሩን ለመያዝ ይበቃ ነበር፤ ያውም በር ላይ በፍተሻ ይወሰዳል፣ ከተያዘ ደግሞ ዓመቱ ከእሱ ጋር ይሄዳል።

ለፈተና ስመዘገብ ምን ልጠንቀቅ?

ስም! ስም! ስም! ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ አካባቢ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ይካሄዳል። አሁን አሁን የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርም ስለሚጠየቅ በ8ኛ ክፍል ካርድ፣ በትራንስክሪፕትና በፋይዳ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። «ቅድስት» የምትባል ልጅ በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ በ«ኬ»፣ ሌላው ጋ በ«ኪው» ተጽፋ ይሆናል። አያት ስም አንዱ ጋ «ገብረ ማርያም» ሌላው ጋ «ገ/ማርያም» ይሆናል። ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ተማሪዬ 300ን አልፎ፣ ምደባ ወጥቶለት፣ በምዝገባ ቀን በአንድ ፊደል ምክንያት ከሬጅስትራር መስኮት ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ወረቀቱን አስተካክሎ ሲመለስ ክፍሎቹ ሦስት ሳምንት ሄደው ነበር።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የልደት ቀንም እንዲሁ። ስሕተቱ የትምህርት ቤት ከሆነ በደብዳቤ ይታረማል፤ ስሙ ራሱ የተለወጠ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ስለሚያስኬድ ወራት ይፈልጋል። የመፈተኛ ካርዳችሁ ሲመጣም ስም፣ ፎቶ፣ ጾታና የትምህርት መስክ ሳታዩ አትፈርሙ።

በኮምፒዩተር እፈተናለሁ ተብያለሁ። ኮምፒዩተር ነክቼ አላውቅም።

በኦንላይን መፈተን በ2016 ዓ.ም. በጥቂት ተማሪዎች ተጀምሮ ቁጥሩ እያደገ መጥቷል። ጥያቄው ያው ምርጫ ነው፤ የምታጠቁሩት በማውስ ጠቅ በማድረግ ይሆናል። የሚያስፈልገው ችሎታ ማውስ መያዝ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍና የዘለሉትን ጥያቄ ተመልሶ ማግኘት ነው። ይህ የአንድ ከሰዓት ልምምድ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ላብ ከሌለው ማዘጋጃ ቤት ወይም ወጣት ማዕከል የሚሠራ ዘመድ ፈልጉ። የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪ ማሰላሰያ ወረቀት ላይ ሠርቶ ወደ ስክሪን መመለስን ይለማመድ፤ ዓይን ቦታውን እየጠፋው ጊዜ ይበላል።

ወረቀት ለሚደርሳቸው ደግሞ አንድ ነገር፦ ጥያቄ ስትዘሉ የመልስ ወረቀቱም ላይ መዝለላችሁን በየአሥሩ ጥያቄ አረጋግጡ። 23ን ዘልሎ የ24ን መልስ 23 ላይ ያጠቆረ ልጅ እስከ 60 ድረስ አንድ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

የፈተናው ሳምንት ምን ይመስላል?

ፈተናው በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በተለያየ ዙር ሆነው ነው የተሰጠው። ወደ ተመደባችሁበት ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ፤ ዶርም ታድራላችሁ፤ ካፌ ትበላላችሁ። ስልክና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ አይገባም። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ያዙ፤ መድኃኒት የምትወስዱ የሐኪም ወረቀቱን ጨምሩ። ለብዙ ልጅ ከቤት ውጭ የመጀመሪያው አዳር ነው። እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ሲያስታጥቁ አያለሁ፤ ደግ ነው፣ ግን በጥብስና በዶሮ ሆዳቸውን አታስጨንቁ፤ በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ደጃፍ የሚሰለፈው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

300 ካልሞላልኝስ?

መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሪሜዲያል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሹን ካላመጡት ውስጥ የተሻለ ውጤት ያላቸው ተመርጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይማራሉ፤ የመቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣል። ተፈጥሮዎች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፤ ማኅበራዊዎች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ይወስዳሉ። ከውጤቱ 30 በመቶው በተቋሙ፣ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል፤ እዚያም ማለፊያው 50 ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያላገኘ በግል ተቋም ከፍሎ ሊማር ይችላል። ሪሜዲያል የገባ ልጅ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት «ግቢ ገባሁ» ብሎ መዝናናቱ ነው። ገና በር ላይ ነህ።

ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ በዓመቱ መድገም ነው። ከ240 በላይ አምጥቶ ምን እንደጎደለው በትክክል ለሚያውቅ ልጅ ይህን እመክራለሁ። 150 ላመጣና ዓመቱን በምን እንደሚያሳልፈው እቅድ ለሌለው ግን አልመክርም፤ ቤት ተቀምጦ «እያጠናሁ ነው» ማለት ከባድ ፈተና ነው።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። ይህን የምጽፈው ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሪክ፣ የተሽከርካሪ ጥገና፣ ሰርቬይንግ የተማሩ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከጨረሱት ጓደኞቻቸው ቀድመው ደመወዝ በልተዋል። ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተመዘኑ ማደግም ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ ምን ላይ ተመርኩዤ ልምረጥ?

በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ምደባው ውጤትንና ምርጫን እያየ በሲስተም ይሠራል፤ የመጀመሪያ ምርጫህ ሊደርስህም ላይደርስህም ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ሦስቱን ብቻ አስበህ የቀረውን ዝም ብለህ አትሙላ፤ ስድስተኛውም ሰባተኛውም ልትኖርበት የምትችለው ቦታ ይሁን።

ልጆች የሚመርጡት በስም ነው፦ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረው በ1940ዎቹ ነው፣ ሐሮማያ የእርሻ ስሙን ያገኘው ከዚያው ዘመን ጀምሮ ነው፣ አርባ ምንጭ ደግሞ በውኃ ምህንድስና ይታወቃል። ግን እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። የምትፈልገው ዲፓርትመንት እዚያ አለ? የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ቤተሰብህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይችለዋል? መንገዱስ በዚህ ወቅት ሰላም ነው? የኋለኛው ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ ሆኗል፤ ወላጅ ሲጨነቅ «ፈሪ» አትበሉት።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት፣ የሚያጠባ ልጅ ያላት፣ ወይም መንታ እኅት ወንድም አብሮ የተፈተነ ካለ፣ ማስረጃ ይዞ ማመልከቻ በተባለው ጊዜ ማስገባት እንጂ ምደባ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መግባት እፈልጋለሁ። የተለየ ነገር አለው?

አለው። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል፤ ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ለማመልከት ያበቃሻል እንጂ ብቻውን አያስገባሽም። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። የእነዚህ ማስታወቂያ ውጤት እንደወጣ ብቅ ብሎ ቶሎ ይዘጋል። ውጤት ሲመጣ በደስታ አንድ ሳምንት የጠፋ ልጅ ይቀርበታል፤ የየተቋሙን ድረ ገጽ ነሐሴ ላይ ጀምረሽ ተከታተዪ።

ሕክምና ነው መማር የምፈልገው። አሁን ልምረጥ?

አሁን አይመረጥም። መጀመሪያ ሁሉም ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ይማራል፦ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ እንደየመስኩም ሌሎች። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በብዙ ግቢ የፍሬሽማን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እና የ12ኛ ክፍል ፈተናው ውጤት ተደምሮ ይታያል። ስለዚህ 300ን ማለፍ በቂ የሚሆነው ለመግባት ነው፤ ሕክምናን፣ ፋርማሲን፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን የመሰሉትን ለሚፈልግ ከ300 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ አለው። እና ሎጂክን «ይቺማ ኮርስ ናት?» ብለው የናቁ ጎበዞች በእሷ «ሲ» ተሸክመው የሚመኙት ክፍል በር ላይ ቀርተዋል።

የግል ኮሌጅ መግባትስ? እዚያ 50 አያስፈልግም ይባላል።

ያስፈልጋል። «ውጤትህን ተወው፣ እኛ ጋ ተመዝገብ» የሚል ተቋም ካለ ከሩቁ ሽሹ፤ አራት ዓመት ከፍላችሁ ዲግሪው የማይረጋገጥ ወረቀት ይሆናል። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱም ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው፣ ጊዜም አለው። ዋናው ካምፓስ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ስላለው ቅርንጫፉ ለነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ከማየት ባለሥልጣኑን መጠየቅ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ኮሌጁን ስትመርጡ ተማሪዎቹ በዚያ ፈተና እንዴት እንደሆኑ ጠይቁ።

እኔ ዐረብ አገር ነኝ፣ ልጄ ከእናቴ ጋር ሆና 12ኛ ትማራለች። የምልከው ገንዘብ ምን ላይ ቢውል ይሻላል?

እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ከቤይሩትም ከሪያድም ከዱባይም ይጠይቁኛል፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ በድምፅ መልእክት። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ውድ ስልክ እንዳይሄድ። ልጅቷ የምትጠቀምበት ተራ ስልክ ካላት ይበቃል። የጉድለት ዝርዝሯን አይተው ሁለት ትምህርት ብቻ ላይ፣ ከአምስት ከማይበልጡ ልጆች ጋር፣ ማጠናከሪያ ያስገቧት፤ በስድስቱም ትምህርት አስጠኚ የተቀጠረላት ልጅ የምታነብበት ጊዜ አይተርፋትም። የቤት ሥራዋ ከባድ ከሆነ፣ ውኃ መቅዳቱንና እንጀራ መጋገሩን በሳምንት ሁለት ቀን የሚያግዝ ሰው ቢከፈለው ከአስጠኚው እኩል ይጠቅማታል። ለመስከረምና ለጥቅምት ደግሞ ጥቂት ያስቀምጡ፤ ግቢ መግቢያው ወጪ የሚበዛው ያኔ ነው።

ሲደውሉ «ስንት አመጣሽ?» ከማለት «ዛሬ ምን አስቸገረሽ?» ይበሏት። በሩቅ ሆኖ መከታተል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የክፍል ኃላፊዋን ስልክ ይያዙ፤ አስተማሪ በወላጅ ጥሪ አይቆጣም።

ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ብሞክርስ?

ሞክር፤ ግን የአገር ቤቱን ትተህ አይደለም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለምሳሌ በየዓመቱ ጥር ላይ ተከፍቶ የካቲት ላይ ይዘጋል፤ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። «አስገባልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ሰው የሚሸጥልህ አንተ ራስህ በነጻ የምትሞላውን ቅጽ ነው። ፓስፖርትና ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት ቀድመው ይዘጋጁ።

ትምህርቱ በነጻ ነው ወይስ እንከፍላለን?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ስትሆኑ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። ደንቡ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን እንዲሸከም ያደርጋል፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ሥራ ስትይዙ ከደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ ይመለሳል። ዕዳው ሳይዘጋ ዋናው ዲግሪ በእጅ ስለማይገባ ውሉን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ምደባ ወጣልኝ! ምን ይዤ ልሂድ?

እንኳን ደስ አለሽ። ወረቀቱ በየዓመቱ ያው ነው፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ። ዕቃው ደግሞ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው፤ ማስታወቂያው ሁሉ የሚዘረዝረው ይህን ነው። ማስታወቂያው የማይነግርሽ የአየሩን ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ባሌ ሮቤ ከደረሰሽ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ ጋቢውን ለእናትሽ ተዪላት፤ ወባ ባለበት አገር ከሆነ አጎበር ያዢ።

ካፌ ልብላ ወይስ ነን ካፌ ልሁን (የምግቡን ብር ተቀብዬ ራሴ ልብላ) የሚለውን ክርክር እዚያው ከደረሽ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት የካፌውን ወጥ ቀምሰሽ ወስኚ። ጄሪካንና ባልዲ ከከተማው ይገዛል፤ ከቤት ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። ቁልፍ ግን ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ሁለት። አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለሻንጣ። ከሬጅስትራር ሰልፍ እስከ ዶርም ድልድል ባለው በዚያ የመጀመሪያ ቀን ትርምስ ውስጥ ወረቀትሽ ሁሉ ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው።